ጁንቲንዝ እና የአያቴ ማድ ቤት

በየዓመቱ ጁን 19 ቀን፣ የአሜሪካ ባርነት ማብቂያ በሚታሰብበት በጁንቲንዝ ዕለት፣ በቴክሳሷ ዳላስ የሐበሻ ምግብ ቤቶች «ዛሬ ምን ኖሮ ነው ባንኩ የተዘጋው?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም፤ መልሱም ብዙውን ጊዜ «የጥቁሮቹ በዓል ነው» የሚል ነው። መላሹ መስተዋት ካየ የቆየ ይመስላል። እኔም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበረኝም።

ያስተማሩኝ ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጡ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። በዕለቱ ግቢያቸው ውስጥ ሥጋ ይጠበሳል፣ ሐብሐብ ይቆረጣል፣ ቀይ ለስላሳ ይቀዳል፤ ቅላቱ የፈሰሰው ደም መታሰቢያ መሆኑን ብርጭቆውን እያቀበሉ ነገሩኝ። ከዚያ የልጅ ልጆቻቸውን ሰብስበው የበዓሉን መነሻ፣ የቴክሳስ ባሮች ነፃ መውጣታቸውን ያሳወቀውን ወታደራዊ ትእዛዝ ያስነብባሉ። ፕሬዚዳንት ሊንከን የባሮችን የነፃነት አዋጅ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1863 ሲሆን፣ የሰሜኑ ጦር ጄኔራል ጎርደን ግሬንጀር ወደብ ከተማዋ ጋልቬስተን ገብተው ያንኑ በቴክሳስ ያሳወቁት ጁን 19 ቀን 1865 ስለነበር፣ 250 ሺህ ያህል ሰዎች በወረቀት ነፃ፣ በኑሮ ግን ባሪያ ሆነው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይተዋል። ትእዛዙ ነፃ የወጡት ሰዎች በያሉበት በጸጥታ ተቀምጠው በደመወዝ እንዲሠሩም ይመክራል። ሴትዮዋ ይህችን መስመር አያስዘልሉም፤ እንዲያውም ሁለት ጊዜ ያስነብቧታል።

በእኛ አገር ባርነትን ጨርሶ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን፣ በ1916 ዓ.ም.፣ ባርነትን ለማጥፋት ቃል ከገባች ከ18 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ዐድዋንና የሚያዝያ 27ን ድል በሚገባ እናከብራለን፤ ይህ አዋጅ ግን ቀን አልተቆረጠለትም። ትምህርት ቤት ሳለሁ አትላንቲክን ስላቋረጡት የባሪያ መርከቦች ተምሬአለሁ፤ ሰው ይሸጥበት ስለነበረው የጅማው ሂርማታ ገበያ ግን አንድም መምህር አላነሣልኝም። «ባሪያ» የሚለው ስድብ ግን ዛሬም ከአፋችን አልጠፋም፤ እዚህ ዳላስም ጭምር፣ ጥቁር አሜሪካዊው በማይሰማበት ቋንቋ።

በአያቴ ቤት አንዲት አሮጊት ነበሩ። ከምድጃው አጠገብ በቁርበት ላይ ይተኛሉ፣ ቡና ይቆላሉ፣ እኛን ልጆቹን ያዝላሉ። «ቤተሰብ ናቸው» እየተባልን አደግን፤ በገበታ ግን ከእኛ ጋር ተቀምጠው አይቼ አላውቅም። ጎረቤቴ የአያት ቅድመ አያቶቻቸውን ስም አንድ በአንድ ሲጠሩ በሰማሁ ምሽት አዲስ አበባ ደውዬ የእኚያን ሴት የአባት ስም ታላቅ እኅቴን ጠየቅኋት። ጥቂት ዝም አለችና፣ «የማን? የማድ ቤቷ?» አለችኝ።