ሣሩን ተዉት፣ ቦታውን ደብቁት

የዱር አበባ ፎቶ ማንሳት ስጀምር መጀመሪያ የተማርኩት ነገር ስህተት ነበር። «ጀርባውን አጽዳ» ተባልኩ። አጸዳሁ። ከፊት የቆመውን ሣር ነጨሁ፣ ከኋላ ያለውን ጭራሮ ሰበርኩ፣ ከአበባዋ አጠገብ የበቀለችውን ቡቃያ ረገጥኩ። ፎቶው አማረ። በሦስተኛው ቀን ተመልሼ ስሄድ አበባዋ አንገቷን ደፍታ አገኘኋት። ሣሩ ለካ ጥላዋም ምርኩዟም ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ይከነክነኛል። የዱር አበባ የምናነሳ ሰዎች መቅረት የሌለበትን እየቆረጥን እንጥላለን። መቅረት ያለበትን ደግሞ ለዓለም እንዘረግፋለን።

ሣር መንጨት በአብዛኛው ስንፍና ነው። ቦታ ቀይራችሁ ብታዩ ያ ያስቸገራችሁ ሣር ከመንገድ ይወጣል። ካልወጣ በእጅ ዘወር አድርጎ ይዞ፣ አንስቶ ሲጨርሱ መልቀቅ ይቻላል። ወይም ደግሞ ብዥ ብሎ እንዲገባ መተው ነው። ማጎንበስ ካልበቃ በሆድ መተኛት አለ፤ ግን መጀመሪያ የምትተኙበትን እዩ። አንዷን ለማንሳት አምስቱን ደፍጥጦ የሚነሳ ሰው አይቻለሁ። ውሃ ረጭተው ጤዛ የሚያስመስሉም አሉ፤ እነሱን እንኳ ይቅር እንበላቸው።

ትዕግሥት ስል ለስብከት አይደለም። ሌንሱ ወደ አበባው በተጠጋ ቁጥር ጥርት ብሎ የሚታየው ክፍል ይሳሳል፣ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ይቀራል። ነፋስ አበባዋን ትንሽ ካወዛወዛት ፎከሱ አለቀለት። ስለዚህ ትጠብቃላችሁ። ጧት ማልዶ መሄድ የሚመከረው ነፋሱ ገና ስላልተነሳ ነው። ደመናማ ቀንም ይመረጣል፤ የቀትር ፀሐይ ነጭ አበባን አንጥቶ መልኩን ያጠፋዋል። ደመና ከሌለ በገዛ ጥላችሁ መከለል ትችላላችሁ። ብዙ ሰው የሚቀጥፈው ይህን መጠበቅ ስለሚሰለቸው ነው። ቀጥፎ ቤት ወስዶ ያነሳታል። እሱ እንግዲህ የዱር አበባ ፎቶ መሆኑ ቀርቷል።

ሌላው ያለ ርኅራኄ የምንቆርጠው ቅጠሉን ነው። ስልካችን ላይ ያሉትን የአበባ ፎቶዎች ብታዩ ሁሉም ፊት ብቻ ናቸው፤ ልክ እንደ ጉርድ ፎቶ። ነገር ግን ብዙ ዝርያዎች በአበባቸው ብቻ አይለዩም። ቢጫ አበባ ስንት ዓይነት አለ! ዕፅዋት የሚያጠና ሰው ፎቷችሁን ሲያይ ቅጠሎቹ ፊት ለፊት ነው ወይስ እየተፈራረቁ የወጡት፣ አገዳው ፀጉር አለው ወይ፣ ከአበባው በታች ምን አለ ብሎ ይጠይቃል። አንድ ለውበት አንሱ። ከዚያ ከጎን፣ ከሥር፣ ሙሉ ተክሉን፣ የበቀለበትን መሬት ጨምሩ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

እንግሊዛዊቷ አና አትኪንስ እ.ኤ.አ. በ1843 ማውጣት የጀመረችው መጽሐፍ በፎቶግራፍ የተሠራ የመጀመሪያው መጽሐፍ እንደሆነ ይነገርለታል። ካሜራ አልተጠቀመችም። ተክሉን እንዳለ ወረቀት ላይ አስተኝታ በፀሐይ ብርሃን ሰማያዊ ምስል አወጣች። የባሕር አልጌ ነበር ያነሳችው። አንድም አበባ የለበትም፤ ዛሬም ግን ዓይን ይይዛል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ፤ ቦታው። እ.ኤ.አ. በ2019 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሌክ ኤልሲኖር ከተማ አጠገብ ያለው ዎከር ካንየን የተባለ ሸለቆ በብርቱካናማ የፖፒ አበባ ተሸፈነ። ፎቶው በማኅበራዊ ሚዲያ ተዛመተ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ጎረፈ፣ ከመንገድ እየወጣ አበባው ላይ ተኛ፣ መኪናው መተላለፊያ አሳጣ። በ2023 አበባው ደግሞ ሲመጣ ከተማው ቦታውን ጭራሽ ዘጋው። አበባ ዘር ሳይጥል ከተረገጠ ለከርሞ የሚበቅለው ያንሳል።

ኦርኪድ ለሚባለው የአበባ ወገን ብርቅዬ ዝርያዎች ደግሞ መዘዙ ከመረገጥም ይብሳል፤ ነቅሎ የሚሸጠው አለ። ሌዲስ ስሊፐር የሚባለው ኦርኪድ ከብሪታንያ ጠፋ ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930 ዮርክሺር ውስጥ አንድ ተክል ተገኘ። ያቺን አንዲት ተክል ያተረፏት ለአሥርት ዓመታት ቦታዋን ደብቀው፣ እየተፈራረቁ በመጠበቅ ነው። ያኔ ስልክ ቢኖር ብዬ አስባለሁ። ስልካችን በነባሪ ሁኔታው የተነሳበትን ቦታ ፎቶው ውስጥ ሊጽፍ ይችላል። ብዙ ማኅበራዊ ሚዲያዎች ስትለጥፉ የቦታውን መረጃ ያጠፉታል፤ በፋይል መልክ ስትልኩት ግን አብሮ ይሄዳል። አይናቹራሊስት የተባለው የተፈጥሮ መመዝገቢያ አፕ ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን ትክክለኛ ቦታ ራሱ ይሸፍናል። እኛም ከዚያ ብንማር ምን አለበት?

«ሰው ካላየ አይወድም፣ ካልወደደ አይጠብቅም» የሚሉኝ አሉ። ልክ ናቸው። ሰው ይይ። አበባዋን ለማየት ግን አድራሻዋ አያስፈልግም። የአካባቢውን ስም በጅምላ መጥቀስ ይበቃል።

በቅርቡ ያነሳሁት ፎቶ ላይ አንዲት የሣር ቅጠል አበባዋን መሃል ለመሃል ታቋርጣታለች። ጓደኛዬ አይቶ «ይህችን ሣር ብትነቅላት እኮ አሪፍ ነበር» አለኝ። ቀጥሎ የት እንዳነሳሁት ጠየቀኝ። ስለ ሣሯ ብቻ መለስኩለት።