ዘመድ የሌለው ይዋጣል

አፍ ውስጥ መኖር የሚፈልግ ባክቴሪያ ከሁሉ በፊት ዘመድ ያስፈልገዋል። ምራቅ ቀን ከሌት ይፈሳል። ምላስ ይጠርጋል። የሚይዘው ያጣ በጉሮሮ በኩል ይሸኛል። ታች የሚጠብቀው ደግሞ የሆድ አሲድ ነው፤ አቤት ቢል ሰሚ የለውም።

ስለዚህ ይያያዛሉ። ግን ካገኙት ሁሉ ጋር አይደለም፣ ሰው ይመርጣሉ። አንዱ ገላው ላይ ፕሮቲን አለው፤ ሌላው ለዚያ ፕሮቲን የሚገጥም ስኳር ለብሷል። ከገጠመ ገጠመ። ካልገጠመ ዕድሜ ልክ ቢጎራበቱም ሰላምታ የለም፤ ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። የሚፈላለጉ ሁለት ዝርያዎችን ላቦራቶሪ ውስጥ ብትቀላቅሏቸው በሰከንዶች ወይም በደቂቃዎች ውስጥ ተጓጉለው የቱቦው ሥር ቁጭ ይላሉ። በዓይን ይታያል። በሰው ዘንድ እንዲህ የፈጠነ ፍቅር ያየሁት ብድር ሲፈለግ ብቻ ነው።

ጥርስ በተቦረሸ በደቂቃዎች ውስጥ ከምራቅ የተሠራ ስስ ሽፋን ይለብሳል። እዚያ ላይ ቀድመው ከሚሰፍሩት ዋነኞቹ ስትሬፕቶኮከሶች ናቸው። ስኳር በልተው ላክቲክ አሲድ ይጥላሉ። ቬይሎኔላ የምትባለው ደግሞ አጠገባቸው ተለጥፋ ያንን አሲድ ትበላለች። የጎረቤቱን ጥራጊ በደስታ የሚቀበል ጎረቤት፣ እንግዲህ፣ ያለው እዚያ ነው።

የሰፈሩ ትልቅ ሰው ግን ፉሶባክቴሪየም ኒውክሊያተም ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጫፍና ጫፉ የሾለ። ሥራው ድለላ ነው ማለት ይቻላል። ቀድመው የሰፈሩትን ያውቃል፤ ዘግይተው የሚመጡትንም ያውቃል። እነሱ እርስ በርስ ባይተዋወቁም ችግር የለም፣ እሱ አለ። ለደንበኛው ሁሉ አንድ እጅ አይዘረጋም። ከቀደምት ሰፋሪዎች ብዙዎቹን የሚይዘው ራድ-ዲ በሚባል ፕሮቲን ነው፤ ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስን ሲያገኝ ደግሞ ፋፕ-2 የሚባለውን ያወጣል።

ይህ ፖርፊሮሞናስ ድድ በማሳመም የታወቀ ነው። ኦክስጅን አይስማማውም፤ ብቻውን ቢመጣ ንጹሕ ጥርስ ላይ መቆም ይከብደዋል። ሌሎቹ ተደራርበው ኦክስጅኑን ከጨረሱለት በኋላ ደላላውን ይዞ ይገባል። በር አልሰበረም። «የእገሌ ሰው ነኝ» ብሎ ነው የገባው። ዛሬ ቢጠየቅ ግን «እዚህ የደረስኩት በራሴ ጥረት ነው» ማለቱ አይቀርም።

ይህን ግርግር ቀድመው ካዩት አንዱ ሆላንዳዊው አንቶኒ ቫን ሊወንሁክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1683 ከጥርሱ የፋቀውን በአጉሊ መነጽር ዓይቶ ለሎንዶኑ የሳይንስ ማኅበር፣ ለሮያል ሶሳይቲ፣ ጻፈ። ስለ ትንንሾቹ ፍጥረታት ከማውራቱ በፊት ጥርሱን በየማለዳው በጨው እንደሚያሽ መናገሩን አልረሳም። ቤቱ ሳይጠረግ እንግዳ የመጣበት ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚጀምረው።

ይህ ሁሉ ወዳጅነት ታዲያ በምን ይፈርሳል? ብዙዎቹ ጥንዶች የወተት ስኳር የሆነው ላክቶስ ሲጨመርባቸው ይለቃቀቃሉ። ስኳሩ የፕሮቲኑን መያዣ ይሞላዋል፣ ለወዳጅ ቦታ አይተርፍም። ጠብ የለ፣ ሐሜት የለ። ወተት ልጉመጥመጥ ብሎ የተነሳ ካለ ግን ይቀመጥ፤ ያንኑ ስኳር ስትሬፕቶኮከሶች በልተው አሲድ ያደርጉታል።