ማስተካከያ፦ የቲማቲም ጭማቂው ምሳሌ የጆን ሎክ አይደለም

ስለ ራስ ባለቤትነትና ስለ ንብረት መብት ባለፈው ባቀረብሁት ጽሑፍ፣ አንድ ቆርቆሮ የቲማቲም ጭማቂ ባሕር ውስጥ ስለሚደፋ ሰው የሚናገረውን ምሳሌ የእንግሊዛዊው ፈላስፋ የጆን ሎክ ነው ማለቴ ስሕተት ነው። ሁለቱን መጻሕፍት መልሼ እንዳመሳከርሁት፣ ምሳሌው የሚገኘው አሜሪካዊው ፈላስፋ ሮበርት ኖዚክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 ባሳተመው የፖለቲካ ፍልስፍና መጽሐፍ ውስጥ ነው። ሎክ በሁለተኛው የመንግሥት ድርሳኑ ምዕራፍ 5 ያስቀመጠው፣ ሰው የገዛ ራሱ ባለቤት ስለሆነ፣ ለሌሎች በቂና ያንኑ ያህል መልካም የሆነ እስከተረፈ ድረስ፣ ጉልበቱን ያዋሐደበት፣ ማለትም የሠራበት፣ ነገር የእርሱ ይሆናል የሚለውን ሐሳብ ነው። ኖዚክ ግን ሰውየው የባሕሩ ባለቤት ይሆናል ወይስ ጭማቂውን በከንቱ አባከነው ብሎ ይህንኑ የመዋሐድ ሐሳብ ይፈትናል። ስሕተቴ ትርጉሙንም ስለገለበጠው፣ ምሳሌውን ለሎክ ድጋፍ አድርጌ ያቀረብሁበትን አንቀጽ ሰርዣለሁ፤ ጠቅሳችሁት የነበራችሁ አንባብያን እንድታርሙት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ኖዚክ ራሱ የራስ ባለቤትነትን ስላልካደ፣ ያን የሚመለከተው የጽሑፉ ክፍል እንዳለ ይቆያል።