ከተማ ዳር ያለው «ርካሽ» ቤት

ከተማ ዳር ያለ ቤት ርካሽ ነው ይባላል። የሽያጭ ውሉን ብቻ ካየን እውነት ነው። ውሉ ላይ የማይጻፍ ሒሳብ ግን አለ።

ልጇ ሳይነቃ ወጥታ፣ ከተኛ በኋላ የምትገባ እናት አስቡ። መንገድ ላይ በቀን ሦስት ሰዓት ካጠፋች በሳምንት 15 ሰዓት ይሆናል። ሁለት የሥራ ቀን ሊሞላ ምንም አልቀረው፤ ያውም ደመወዝ የሌለው።

ውሃውም እንዲሁ ነው። ቤቶች ሲቀራረቡ አንድ ቱቦ ብዙ ሰው ያጠጣል። ሲበታተኑ ለጥቂት ቤት ብዙ ኪሎ ሜትር ይቆፈራል። ቱቦው ሲፈነዳ የሚጠገነው ደግሞ ከሁሉም ኪስ በወጣ ገንዘብ ነው። መሃል ከተማ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተጨናንቆ የሚኖረውም ይከፍላል። ይሄ ነገር ሁሌም ያበሳጨኛል።

«ሕዝብ ሲበዛ ከተማ መስፋቱ የት ይቀራል?» የሚሉ አሉ። እስቲ የአሜሪካዋን አትላንታና የስፔኗን ባርሴሎና እንይ። እ.ኤ.አ. በ1990 አትላንታ ወደ 2.5 ሚሊዮን፣ ባርሴሎና ወደ 2.8 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራቸው። የባርሴሎና የተገነባ ስፋት 162 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። የአትላንታ ግን ከ4,200 ያልፋል። ሰው የሚበዛባት ባርሴሎና ሆና ሳለ!

መንገድ ማስፋትም አያድንም። በአሜሪካዋ ሂውስተን ከተማ ኬቲ ፍሪዌይ የተባለው አውራ ጎዳና እ.ኤ.አ. በ2008 ተስፋፍቶ ሲያልቅ፣ የጎን መንገዶቹ ተቆጥረው በአንዳንድ ቦታ 26 መስመር ደረሰ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በሥራ መውጫ ሰዓት መጨናነቁ ጭራሽ ባሰ። መንገዱ ሲሰፋ ሰው ራቅ ብሎ ቤት ይሠራል፤ ራቅ ብሎ ቤት የሠራ መኪና ይገዛል።

ዝናቡንም አንርሳ። ማሳ ላይ የወረደውን አፈሩ ቀስ ብሎ ይጠጣዋል። አስፋልትና ጣሪያ ላይ የወረደው ግን ዘይቱንና ቆሻሻውን ጠራርጎ በደቂቃዎች ታች ሰፈር ይደርሳል። ጎርፉ የሚገባው ላይ ሆኖ አስፋልት ያስነጠፈው ሰው ቤት አይደለም። የጠፋው ማሳ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለም ነው፤ ድሮም ሰው የሰፈረው እህልና ውሃ ባለበት ነዋ።

የአሜሪካዋ ፖርትላንድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1979 ለከተማ ግንባታ የድንበር መስመር አሰመረች። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ግን ዳሩን ዘግቶ መሃሉን አለመገንባት ኪራይ ማስወደድ ነው። ስለዚህ ከመሃል እንጀምር። ሰማይ ጠቀስ ፎቅ አላልኩም፤ አራትና አምስት ፎቅ ይበቃል። ለዓመታት ታጥሮ ሣር የበቀለበት ቦታ መሃል ከተማ ሞልቷል። እዚያ ቱቦው ተቀብሯል፣ መብራቱ ገብቷል፣ አውቶቡሱም በደጁ ያልፋል።