በርበሪ ዝናቡን ሲረሳ

በርበሪ የተባለውን የእንግሊዝ ልብስ ቤት ማንነት ያሳጡት ደብዛዛ ማስታወቂያዎቹ ናቸው የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። እኔም እስማማለሁ።

ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1856 እንግሊዝ አገር ሲከፈት ሥራው ሰውን ከዝናብና ከንፋስ መከለል ነበር። ቶማስ በርበሪ ጋባርዲን የተባለውን ጨርቅ የፈጠረውም ለዚሁ ነው። ውኃ እንዳያስገባ የተደረገው ከተሸመነ በኋላ አይደለም፤ ገና ክር እያለ ነው። ይሄ ትልቅ ነገር ነው! የዋልታ አሳሹ ሻክልተን ወደ አንታርክቲካ ሲሄድ የለበሰው ይህንኑ ጨርቅ ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ታሪክ ይዞ፣ ባዶ ግድግዳ ተደግፎ የተኮሳተረ ሞዴል ብቻ ማሳየት ምን ይባላል? ስሙን በእጃችሁ ሸፍኑትና እዩት። የማንም ሊሆን ይችላል እኮ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ አርማውን ቀየሩት። አርማው ላይ የነበረው ፈረሰኛ ቀረና ማንኛውም ድርጅት ሊጽፈው የሚችል ደረቅ ፊደል ተተካ። ያኔ ከልቤ አዝኛለሁ። ደግነቱ በ2023 ፈረሰኛውን መለሱት።

በ2024 መገባደጃ የወጣው፣ ተዋናይቷ ኦሊቪያ ኮልማን ያለችበት ማስታወቂያ ግን ደስ ብሎኛል። ስለ እንግሊዝ አየር ነው የሚያወራው። የበርበሪ ካፖርትም ለምን እንደተሠራ ወዲያው ይገባችኋል።