የሳራጋርሂ ሃያ ሁለተኛው ሰው

ለልጆች የሚጻፍ የጦር ሜዳ ታሪክ ብዙ ጊዜ ቁጥር ይወዳል። የሲክ ሃይማኖት ተከታይ የሆኑ የሕንድ ወታደሮች በሳራጋርሂ ያደረጉት ውጊያ ሲተረክ ሁልጊዜ ከፊት የሚቀድመው 21 ሰው ለ10,000 መሆኑ ነው። ቁጥሩ ልጅን ከመቀመጫው ያስነሣል፤ እኔንም ያስነሣኛል። ቅር የሚለኝ ተራኪዎቹ ከቁጥሩ አልፈው ለመሄድ መስነፋቸው ነው።

ውጊያው የተካሄደው ሴፕቴምበር 12 ቀን 1897 ሲሆን (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፣ ቦታው ዛሬ በፓኪስታን ውስጥ የሚገኘው የሳማና ተራራ ነው። ሎክሃርትና ጉሊስታን የሚባሉት ሁለት የእንግሊዝ ምሽጎች እርስ በርስ ስለማይተያዩ፣ በመካከላቸው ሳራጋርሂ የምትባል ትንሽ ጣቢያ ተሠርታ ነበር። ሥራዋ በመስታወት የፀሐይ ብርሃን እያንጸባረቁ ከአንዱ ምሽግ ወደ ሌላው መልእክት ማሻገር ነው። የአፍሪዲና የኦራክዛይ ጎሣ ተዋጊዎች ሲከቧት፣ በኢሻር ሲንግ የሚመሩት 21 የ36ኛው ሲክ ሬጅመንት ወታደሮች እጅ አንሰጥም አሉ። ጉርሙክ ሲንግ የተባለው መልእክት አስተላላፊ የውጊያውን ሁኔታ በመስታወቱ ለሎክሃርት ሲያሳውቅ ዋለ። ጓደኞቹ ሲያልቁም መሣሪያውን አጣጥፎ ጠመንጃ ለማንሣት አለቃውን ፈቃድ ጠየቀ። ተፈቀደለት፤ እንደ ጓደኞቹ ሲዋጋ ወደቀ። ይህን ክፍል ለማሳመር የትኛውም ጸሐፊ ከኪሱ አንዳች መጨመር አያስፈልገውም።

እንግሊዞች ለ21ዱም ያኔ ለሕንድ ወታደር ይሰጥ የነበረውን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ ሸለሙ። ዳድ የሚባለው የጣቢያው አገልጋይ ግን አብሯቸው ቢሞትም ወታደር ስላልነበረ ሽልማት አልደረሰውም። የልጆቹ ትረካም ብዙውን ጊዜ ይዘለዋል።

ከዚህ የባሰም የሚዘለል ነገር አለ። አገራቸውን ፑንጃብን ሲኮች ራሳቸው ይገዟት ነበር፤ እንግሊዞች በ1849 በጦርነት ነጠቋቸው። ከ48 ዓመት በኋላ የተሸናፊዎቹ ልጆችና የልጅ ልጆች የአሸናፊውን የደንብ ልብስ ለብሰው፣ በሌላ ሕዝብ ተራራ ላይ ቆመው ነበር። የከበቧቸውም ከየት መጡ የማይባሉ አረመኔዎች አልነበሩም፤ በ1893 የተሰመረው የዱራንድ መስመር ምድራቸውን ለሁለት የከፈለባቸው ፓሽቱኖች ናቸው። ውጊያውን ለልጆች በሚተርከው የሥዕል መጽሐፍ ውስጥ ግን ጺምና ጎራዴ እንጂ ምክንያት የላቸውም። በአምሪትሳር ከተማ ለሳራጋርሂ ሟቾች የቆመው ጉሩድዋራ፣ ማለትም የሲኮች ቤተ ጸሎት፣ ከጃሊያንዋላ ባግ ብዙም አይርቅም። በጃሊያንዋላ ባግ የዚያው የእንግሊዝ መንግሥት ጦር በ1919 ባልታጠቀ ሕዝብ ላይ ተኩሶ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ፈጅቷል። ሁለቱን ቦታዎች በአንድ ቀን የጎበኘ የ12 ዓመት ልጅ መጠየቁ አይቀርም። መጽሐፉ ጥያቄውን ቀድሞ ቢያነሣለት ምን ይጎዳዋል?

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። 36ኛው ሲክ ኋላ የ11ኛው ሲክ ሬጅመንት 4ኛ ሻለቃ ሆኖ፣ በ1941 ኤርትራ ድረስ መጥቶ በአቆርዳትና በከረን ከጣሊያን ጦር ጋር ተዋግቷል። ከረን ላይ ከጣሊያኖቹ ጎን ተሰልፈው ተራራውን ከያዙት ብዙዎቹ የኤርትራ አስካሪዎች ነበሩ። የእንግሊዝ ቅኝ ተገዢ ከታች ይወጣል፣ የጣሊያን ቅኝ ተገዢ ከላይ ይተኩሳል። የአምስቱን ዓመት ወረራ ፍጻሜ ለልጆቻችን ስንተርክ ከፑንጃብ የመጣውን የገበሬ ልጅም ሆነ አስካሪውን ብዙም አናነሣቸውም፤ የሕንዶቹን የሥዕል መጽሐፍ ስወቅስ የእኛንም እያሰብሁ ነው።

«ልጆች ናቸው፣ ውስብስቡ ሲያድጉ ይድረሱበት» የሚል ክርክር አለ። አዛኝ ይመስላል። የሲኮች የራሳቸው ትውፊት ግን በዚህ አይስማማም። በ1704 የሲኮች ከተማ አናንድፑር ተከባ ረኃብ ሲጸና 40 ሰዎች «ከእንግዲህ አንተ ጉሩአችን አይደለህም» የሚል ወረቀት ለሃይማኖት መሪያቸው ለጉሩ ጎቢንድ ሲንግ ፈርመው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ኮበለሉ፤ ትውፊቱ አይሸፋፍነውም። ማይ ባጎ የተባለች ሴት በኀፍረት ገርፋ መለሰቻቸው፤ እሷም አብራቸው ዘመተች። ዛሬ ሙክትሳር በሚባለው ስፍራ ተዋግተው አለቁ። ጉሩው በሜዳው ላይ ደርሶ በሞት አፋፍ ያለውን ማሃን ሲንግን ሲያገኘው የሰውየው ልመና አንድ ብቻ ነበር፤ ያቺ ወረቀት ትቀደድልኝ። ቀደደለት። ይህን ታሪክ የሲክ ልጆች ከአያቶቻቸው ሲሰሙት ኖረዋል፤ ፈሪም መሆን፣ ተመልሶ መቆምም እንዳለ ያውቃሉ። ለእኔ ከሳራጋርሂ የሚበልጥብኝ ይህ ነው። ባይከዱ ኖሮ ስለ 40ዎቹ ይህን ያህል ባልተወራ ነበር።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የጉሩው ሁለት ትንንሽ ልጆች ታሪክ ነው። ዞራዋርና ፋቴህ ሲንግ ሃይማኖታችንን አንለውጥም በማለታቸው፣ የሲርሂንዱ ገዥ ዋዚር ካን በቁማቸው በግንብ አስደፍኖ አስገደላቸው። ትልቁ ገና 9 ዓመት ገደማ ነበር። ይህን ለእኩዮቻቸው «እንደ እነሱ ሁኑ» ብሎ ማንበብ አይዋጥልኝም፤ ከሰባት ዓመት ልጅ ሞት አይጠየቅም። ሌላም አደጋ አለው፤ ሙስሊም ገዥ የሲክ ሕፃናትን ገደለ ተብሎ ከቆመ ታሪኩ መርዝ ይሆናል። ሕፃናቱ በተፈረዱበት ችሎት የማሌርኮትላ ከተማ ገዥ ሼር ሙሐመድ ካን፣ እሱም ሙስሊም፣ ሕፃናት ያላጠፉትን ጥፋት አይከፍሉም ብሎ ተቃውሞ ነበር። ሲኮች ይህን ሳይረሱለት ለልጅ ልጅ አስተላለፉት። በ1947 ፑንጃብ ለሁለት ተከፍላ ሙስሊሙ፣ ሲኩና ሂንዱው ሲተላለቅ፣ ማሌርኮትላ በሰላም አለፈች፤ የአካባቢው ሰዎችም ምክንያቱን ሲጠየቁ የሚያነሡት ያን ተቃውሞ ነው።