የቪዲዮ ጥሪ የጉብኝት መብትን አይተካም

ሰሞኑን አንድ የቤተሰብ ችሎት፣ ልጁን የምታሳድገው እናት ኑሮዋን ወደ ሌላ አገር እንድታዛውር ፈቅዶ የአባትየውን የጉብኝት ቀናት በሳምንት ሁለት የቪዲዮ ጥሪ ለወጠ። የእናትየው ጠበቃም «መብቱ አልተነካም፤ የተቀየረው መንገዱ ነው» አሉ። ልጇን የምትጎበኘው እናት፣ የሚዛወረው አባት ቢሆን ኖሮም ንዴቴ ያው ይሆን ነበር።

መብቱማ ተነክቷል! በየአሥራ አምስት ቀኑ ከዓርብ ማታ እስከ እሑድ ማታ የሚደረግ ጉብኝት በዓመት 52 ሌሊት ነው። ታዲያ ስልክ ላይ ማን አቅፎ ያስተኛዋል? እ.ኤ.አ. የ1989 የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 10 ወላጆቹ በተለያየ አገር የሚኖሩ ልጅ ከሁለቱም ጋር በየጊዜው በቀጥታ የመገናኘት መብት አለው ይላል። መብቱ የልጁ ነው፤ ጠበቃ ቆንጥሮ የሚያድለው አይደለም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ድንበር መሻገር ሰፈር እንደ መቀየር መታየቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣው የሄግ ስምምነት መሠረት ያላግባብ ከአገር የተወሰደ ልጅ ይመለስልኝ ማለት የሚችለው ልጁን የማሳደግ መብቱ የተጣሰበት ወላጅ ነው። የጉብኝት መብት ብቻ ያለው ወላጅ በአንቀጽ 21 ጉብኝቱ እንዲመቻችለት ከመጠየቅ አያልፍም። ብዙ ወላጅ ይህን የሚያውቀው ልጁ ከሄደ በኋላ ነው። ስለዚህ የፍቺ ስምምነት ሲጻፍ አንዲት ዓረፍተ ነገር የግድ ትግባ፦ ልጁ ያለ ሁለቱ ወላጆች የጽሑፍ ፈቃድ ወይም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ለመኖር ከአገር አይወጣም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 እንዲህ ያለውን የመከልከል ሥልጣን በስምምነቱ መሠረት ልጅን የማሳደግ መብት ነው ብሎታል። ዓረፍተ ነገሯ ኖራም እንኳ መዘግየት ያስቀጣል፤ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ለቀረበ አቤቱታ ሌላው ወገን «ልጁ አዲሱን ኑሮ ለምዷል» የሚል መከራከሪያ ያገኛል። አስቀድሞ ሄዶ ፈቃድ በኋላ የሚጠይቅ ወላጅ የሚተማመነውም በዚሁ ነው።

ከጥቃት የሚሸሽ ወላጅ ጉዳይ ሌላ ነው፤ ደኅንነት ይቀድማል። እዚህ ግን ጥቃት አልተነሣም።

ዝውውር የሚፈቅድ ዳኛ እነዚያን 52 ሌሊቶች ወደ ትምህርት ቤት ዕረፍት ያሸጋግር። «እንደሚመች ይገናኙ» የሚል ትእዛዝ አፈጻጸም ላይ ሲደርስ ባዶ ወረቀት ነው፤ ቀን፣ ሰዓትና መረካከቢያ ቦታ ያልተጻፈበትን ምን ብሎ ያስፈጽሙታል? ቲኬቱን ማን፣ ከጉዞው ስንት ቀን ቀድሞ እንደሚገዛ፣ ትንሽ ልጅ ከሆነ ማን አብሮት እንደሚበር፣ ፓስፖርቱ በማን እጅ እንደሚቀመጥ፣ በረራ ሲሰረዝ የባከኑት ቀናት መቼ እንደሚካሱ ይጻፍ። የጉዞው ወጪም ዝውውሩን በፈለገው ወላጅ ላይ ይውደቅ፤ ያ ካልተቻለ ከቀለቡ ላይ ይታሰብ። ይኸው ትእዛዝ በመድረሻው አገር ፍርድ ቤትም ቃል በቃል ይውጣ፤ ያ ሳይሆን ልጁ አውሮፕላን አይሳፈር።